ለድሮ ፍራተርኒቲያችን በየት በኩል እንስጥ?

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ታክስ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ግራ ገብቶኛል። ኮሌጅ ሳለሁ አባል የነበርኩበት ፍራተርኒቲ (የወንድ ተማሪዎች ማኅበር) አባላቱ የሚኖሩበት ቤት ጣሪያው ያፈሳል። የቀድሞ አባላት ገንዘብ እያዋጣን ነው። የማኅበሩ ቅርንጫፍ በታክስ ሕጉ 501(ሲ)(7)፣ ማለትም የመዝናኛ ክበብ፣ ስለሆነ ለእሱ የሚሰጥ ገንዘብ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ አይቀነስም። የማኅበሩ የትምህርት ፋውንዴሽን ግን 501(ሲ)(3)፣ ማለትም የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ነው። በእሱ በኩል ከሰጠሁ ይቀነስልኛል፤ መሥሪያ ቤቴም የሰጠሁትን ያህል ይጨምራል። ችግሩ፣ ፋውንዴሽኑ ለስኮላርሺፕና ለማጥኛ ክፍል እንጂ ለመኝታና ለድግስ አዳራሽ መክፈል አይችልም። ጣሪያው ደግሞ ሁሉንም ነው የሚሸፍነው! (በቡድን ቻታችን ሁሉም ሊቅ ነው፤ ወረቀት ሲባል ዝም።) የማጥኛ ክፍሉን ድርሻ በስፋቱ አስልቶ ከፋውንዴሽን ያስከፈለ አለ? ምን ሰነድ ጠየቋችሁ? በረዶው ሳይመጣ ብንጀምር ደስ ይለናል።