የሽቶዬ ስቲከር ቀለሙ እየለቀቀ ነው፣ ባዛሩ ቅዳሜ ነው! እባካችሁ ቶሎ

የከርቤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 120 ጠርሙስ ሽቶ ሞልቼ ስቲከር ለጥፌ ጨርሻለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ባዛሩ ቅዳሜ። ማታ ለጎረቤቴ አንዱን ሳስሸታት ከመርጫው ሥር አንድ ጠብታ ወርዳ ስሙ ላይ አረፈች። በጣቴ ጠረግ ባደርገው «ከርቤ» የሚለው ጽሑፍ ቡናማ ጭቃ ሆነ። ሌሎች አምስት ሞከርኩ፣ ሁሉም ያው ነው። ምን ይሻለኛል? እንደገና ለማሳተም ብሩም የለኝም።

ማተሚያ ቤት፦
በምን አሳተምሽው? ወረቀት ነው ፕላስቲክ? ይሄን ሳትነግሪን እንዴት እንርዳሽ? የሽቶ አልኮል ብዙ ቀለም ያሟሟል። ለሽቶ ሲሆን ፕላስቲክ ስቲከር ላይ አሳትሞ ከላይ ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ማስደረግ ነው።

ሚሚ ሳሙና፦
ላሚኔት አስደርጊው እህቴ።

የከርቤ ልጅ፦
ወረቀት ነው፣ እቤት ባለው ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ) ፕሪንተር። ተለጥፏል እኮ! ጠርሙስ ላይ ያለ ነገር እንዴት ላሚኔት ይደረጋል?

ቅመም ተራ፦
ጥፍር ቀለም ቀቢው፣ ቀለም የሌለውን። እኔ ለቅመም ብልቃጥ እንደዛ አደርጋለሁ።

ማተሚያ ቤት፦
አይሆንም! ጥፍር ቀለም ራሱ አሟሚ አለው። ለቅመም ይሠራል፣ ቅመም አልኮል የለውም። እዚህ ግን ገና ስትቀቢው ጽሑፉን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ጋሽ ብዕር፦
ልጄ፣ አትደንግጪ። ሽቶ ሳይሸተት በፊት የሚታይ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሽቶ ሠሪ ኮቲ ይሄ ገብቶት ነው በ1900ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ጌጥ ሠሪውን ሬኔ ላሊክን ጠርቶ ጠርሙስ ያሠራው። በ1921 የወጣውን ሻኔል ቁጥር 5 የተባለ ሽቶ ደግሞ ተመልከቺ። ቀጥ ያለ ጠርሙስ፣ ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ። ሌላው ሲያበዛ እነሱ ቀነሱ፣ በዚያም ተለዩ። አንቺም አታብዢ።

ሚሚ ሳሙና፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ ግን ልጅቷ ቅዳሜ ባዛር አላት። ላሚኔት ካልሆነ ጽሑፉን የሚያሳይ ሰፊ ፕላስተር ለጥፊበት።

ነጋዴው፦
እኔ በጥያቄው አልስማማም። ችግርሽ ስቲከሩ አይደለም፣ መርጫው ነው። ጠብታ ለምን ወረደ? ዛሬ ማታ አሥር ጠርሙስ ነጭ ሶፍት ላይ በጎን አስተኚ። ጠዋት ሶፍቱን አሽትቺው፣ ቀለበት የሠራም ካለ እዪ። ካፈሰሰ ስቲከርሽ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም። ሰው የሚገዛው ሽታውን ነው።

የከርቤ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሰው የሚገዛው ሽታውን ብቻማ አይደለም። ባዛር ላይ በአንድ ረድፍ አራት ሽቶ ሻጭ አለ። ጠርሙሳችን አንድ ዓይነት ነው፣ ከአንድ ቦታ ነው የምንገዛው። ሰው ቆሞ የሚያነሳው ዓይኑ የገባውን ነው።

ዱባይ ነኝ፦
ነጋዴው ያለውን ሶፍት ሞክሪው ግን። ከባዛር ገዝተው ለዘመድ ይዘው የሚወጡ አሉ። 50 ሚሊ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ያልፋል፣ በብዙ አየር ማረፊያ ገደቡ 100 ሚሊ ነው። ግን አውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊቱ ሲቀንስ በደንብ ያልጠበቀ ክዳን ያፈሳል። እኔ ሻንጣዬን ስከፍት ቀሚሴ ሁሉ ሽቶ ሆኖ ያውቃል። ለሳምንት አምሮብኝ ነበር በሉ።

ሸማኔ ሰፈር፦
እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። ስሙን ከመስታወቱ ላይ አንሺው። ጠብታው የሚወርደው በመስታወቱ ላይ ነው። ወፍራም ነጭ ካርድ ትንሽ ትንሽ አድርገሽ ቁረጪ፣ ጥግ ላይ ብሺ፣ በጥለት ክር አንገቱ ላይ እሰሪው። ስሙን በቀለም አትጻፊው። ማህተም ሠሪ ጋ ሄደሽ ደረቅ ማህተም አሠሪ፣ ቢሮ ሰነድ ላይ የሚረገጠውን ዓይነት። ቀለም የለውማ፣ አልኮሉ ምን ያሟሟል? ጣት ሲያርፍበት ፊደሉ ጎርበጥ ይላል። ያንን የያዘ ሰው በቀላሉ አይመልሰውም።

ማተሚያ ቤት፦
ይሄ ጎበዝ ሐሳብ ነው። መጠኑንና የይዘቱን ጽሑፍ፣ «ከእሳት አርቁ» የሚለውንም ጨምረሽ የሽቶው ሳጥን ታች ላይ አድርጊው። አሮጌውን ስቲከር ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ሸፍነሽ አቆይው፣ ይነሳል። የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጥረጊ። በፀጉር ማድረቂያ ግን እንዳትሞክሪ፣ ውስጡ የሚቀጣጠል ነው!

ሚሚ ሳሙና፦
ላሚኔት ለሚቀጥለው ዙር እንግዲህ።

የከርቤ ልጅ፦
ሐሙስ ጠዋት። ከአሥሩ ሁለቱ ሶፍቱን አርሰዋል። ነጋዴው እግዜር ይስጥህ። መርጫቸውን ጠምዝዤ ሳጠብቀው መፍሰሱ ቆመ፣ ስለዚህ 120ውንም አንድ በአንድ እያጠበቅሁ ነው። አንዱን ስቲከር አንስቼ ካርድ አሰርኩበት፣ በቀይ ጥለት። መስታወቱ ባዶ ሲሆን የሽቶው ቀለም ራሱ ታየ፣ የማር መልክ አለው። እስከዛሬ በስቲከር ሸፍኜው ነበር! አሁን ወደ ማህተም ሠሪው እየሮጥኩ ነው።

ጋሽ ብዕር፦
በርቺ ልጄ። ክሩን ሁለቴ ቋጥሪው፣ የተቀረው ጫፍ አይርዘም።

አዲስ አባል፦
እኔም የቅባት ሽቶ ጀማሪ ነኝ። ቅባትስ ወረቀት ካርድ ላይ ሲደርስ እድፍ አይተውም? እኔ ምን ላድርግ?