ባለጋሪውና ባለሱፉ አሻንጉሊት በአንድ ፍሬም አልስማማ አሉኝ፤ ክሮፕ (ጠርዙን መቁረጥ) ያስታርቃቸዋል?

ድንክዬ ሌንስ (ጠያቂ)

ሰላም ቤቶች፣ እህታችሁን አንድ ነገር አማክሩኝ። የከተማን የኑሮ ልዩነት በአንድ የመንገድ ፎቶ ለማሳየት ሞክሬ ነበር። በግራ በኩል ካርቶን ቆልሎ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው አለ፤ ወደ ግራ እየሄደ ነው። በቀኝ፣ ከኋላው፣ የሱቅ መስታወት ይታያል፤ ውስጡ ሱፍ የለበሰ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ቆሟል። ሁለቱ እንዲነጋገሩ ነበር ሐሳቤ፤ ተኮራርፈው ቀሩ።

ሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ 24 ሜጋፒክስል (6000 በ4000)፣ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት)፣ በሮው (ባልተነካካ ጥሬ ፋይል) የተነሳ። ፎከሱ ሰውየው ላይ ነው። እሱ ከእኔ 4 ሜትር፣ አሻንጉሊቱ 9 ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰውየው ቁመቱ ወደ 2000 ፒክስል፣ አሻንጉሊቱ 930 ብቻ። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል 3500 ፒክስል አለ፤ እዚያ መካከል ባዶ አስፋልትና አንድ የመብራት ምሰሶ (ከግራ 2900 ላይ)። ከጋሪው አፍንጫ እስከ ግራ ጠርዝ 500፣ ከሰውየው ጫማ እስከ ታችኛው ጠርዝ 250። በቀኝ ጠርዝ ግማሽ ነጭ መኪና 600 ፒክስል ያህል ገብቷል። ከመስታወቱ በላይ ያለው ባዶ ግድግዳ የፍሬሙን ሲሶ ይዟል። በዚያ ላይ ምስሉ 2 ዲግሪ ዘሟል።

ለስልክ እንዲመች በቁም 4 በ5 ልቆርጠው ስል ወይ ሰውየው ወይ አሻንጉሊቱ ይወጣል። ምን ልቁረጥ? ለሚቀጥለውስ ከየት ልቁም?

ጨለማ ክፍል

መጀመሪያ አቅኚው፣ ከዚያ ቁረጪው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ለክቶ ያስተካከለው ጠርዝ ምስሉ ሲዞር ተመልሶ ይበላበታል። 2 ዲግሪ ማዞር የ3 በ2 ፍሬምን ከስፋቱም ከቁመቱም 5 በመቶ ያህል ያስከፍላል። 5700 በ3800 ይቀርሻል ማለት ነው።

አሁን ከቀኝ 450፣ ከላይ 300 ፒክስል አንሺ። መኪናው ይወጣል፣ ግድግዳው ይቀላል፣ ቅርጹ እዚያው 3 በ2 ነው፦ 5250 በ3500፣ ወደ 18 ሜጋፒክስል። በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) 44 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይታተማል።

ከታችና ከግራ አትንኪ። ካቀናሽው በኋላ ከጫማው ሥር የሚቀርሽ 150 ፒክስል፣ ከጋሪው ፊት 350 ብቻ ነው። ሰውየው እየወጣ ያለው በግራ ስለሆነ፣ እዚያ ብትቆርጪ ጋሪው ጠርዙን የገጨ ይመስላል። ቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ እግርም እርምጃውን ይገድለዋል።

በቁም 4 በ5 እርሺው፤ ሒሳቡ እምቢ ይላል። በ3800 ቁመት ስፋቱ 3040 ነው፣ ሁለቱ ግን በ3500 ተራርቀዋል። በአግድም 5 በ4 ካልሽ 4750 በ3800 ይሆናል። ይገባሉ፣ ነገር ግን በሁለቱም ጎን ትንፋሽ አይቀራቸውም፣ ያ ባዶ ግድግዳም ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይመጣል።

ባለሦስት እግር

ጨለማ ክፍል የሰጠሽ ክሮፕ ይህን ፋይል ያጸዳዋል። የፎቶው ሕመም ግን ሌላ ቦታ ነው። አሻንጉሊቱ ከሰውየው አንጻር ምን ያህል እንደሚገዝፍ የሚወስነው እግርሽ ነው፤ መቁረጫው እዚያ ውስጥ እጁን አያስገባም። 4 ሜትርና 9 ሜትር፦ እኩል ቁመት ያላቸው ነገሮች ከሆኑ የሩቁ የቅርቡን 44 በመቶ ያህላል። ፎቶውን የቴምብር ያህል አድርገሽ ብትቆርጪው እንኳ 44 በመቶ ነው።

ከሰውየው 10 ሜትር ራቂና 70 ሚሊ ሜትር አድርጊ። መስታወቱ ያኔ 15 ሜትር ላይ ነው። ሰውየው በፍሬሙ ውስጥ ቁመቱ አይለወጥም (28 ለ4 ሲካፈል 7፣ 70 ለ10 ሲካፈልም 7)፣ አሻንጉሊቱ ግን ወደ 67 በመቶ ያድጋል። በተቃራኒው በ28 ይዘሽ 2 ሜትር ድረስ ብትጠጊ አሻንጉሊቱ 29 በመቶ ይሆናል፤ የሰውየው ክንድ፣ ገመዱ፣ የካርቶኑ ጫፍ ፍሬሙን ይሞሉታል፣ ሱፉ ከሩቅ የሚታይ ነገር ይሆናል። ሀብቱ ሰውየውን እንዲጫነው ከፈለግሽ ራቂ። ሰውየው እንዲገን ከፈለግሽ ቅረቢ። በእኔ ግምት አንቺ የቆምሽበት 4 ሜትር ከሁለቱም ሳይሆን የቀረ ነው።

መራቅ ዋጋ አለው። በ70 ሚሊ ሜትር ቀጥ ብለሽ ወደ ኋላ ብቻ ከሄድሽ መካከላቸው ያለው 3500 ፒክስል ወደ 4350 ይሰፋል። ሰው ዙም አድርጎ «አሁንስ ጭራሽ ተራራቁ» የሚለው ለዚህ ነው።

ክፍተቱን የሚዘጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጎን እርምጃ ነው። የቅርቡ በግራ፣ የሩቁ በቀኝ ከሆነ አንቺ ወደ ግራ ሂጂ። የቅርቡ ከሩቁ ፈጥኖ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል (አንድ ዓይን ጨፍነሽ ጣትሽን ከግድግዳ ጋር ብታይው ይገባሻል)። በ28 ሌንስ፣ በነበርሽበት ርቀት፣ 2 ሜትር ወደ ግራ ክፍተቱን ወደ 2200 ያወርደዋል። ያኔ በቁም 4 በ5 ሁለቱንም ይይዝልሻል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል፤ አንድ ሰከንድ ቀድመሽ ብትጫኚው ኖሮ ክፍተቱ በ1400 ፒክስል ይጠብ ነበር። በ70 ስትርቂ የጎን እርምጃ ጉልበቱ ይደክማል፣ 2 ሜትር ሄደሽም 3570 አካባቢ ነሽ። ጊዜው ግን እዚያም ያው 1400 ነው። ስለዚህ በሩቅ ሌንስ የምትሠሪ ከሆነ መስታወቱን አስቀድመሽ አሰናጂና የሚያልፈውን ሰው ጠብቂ። ከቻልሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ መስታወቱ የሚሄደውን።

ፈጣን እጅ

ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለምን? ምሰሶውንና መኪናውን በማጥፊያው አጥፊ፣ ሰውየውን ወደ ቀኝ ሳብ አድርጊው፣ 4 በ5 አወጣሽ። አምስት ደቂቃ።

ጠርዝ ጠባቂ

@ፈጣን እጅ ለልብስ ማስታወቂያ ከሆነ ይሁን። እዚህ ግን ተመልካቹ የሚደነግጠው ሁለቱ በእርግጥ በአንድ ቅጽበት በአንድ መንገድ ላይ ስለነበሩ ነው። ሰውየውን 1000 ፒክስል ከሳብከው ያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ (ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር) አንድ የተሸለመ ሥራ ከውድድር ሰርዟል። ፎቶግራፈሩ ፍሬሙን አጥብቆ መቁረጡና ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጡ አላስቀጣውም። ያስቀጣው ከጀርባ ብቅ ያለች የእግር ጫፍ ማጥፋቱ ነው። መቁረጥ ይፈቀዳል፣ ማጥፋት አይፈቀድም፤ ድንበሩ ይኸው ነው።

ምሰሶውን ደግሞ ለምን ጠላሽው? በጨለማ ክፍል ክሮፕ ከግራ 2750 ላይ ይውላል፣ የፍሬሙ መሀል 2625 ነው። ባዶ አስፋልት ብቻ ቢሆን ዓይን በመካከላቸው ይጠፋል፤ ምሰሶው ግን ፎቶውን ለሁለት ይከፍለዋል፣ በወዲህ ጋሪ በወዲያ ሱፍ። ይህ የሚሠራው ምሰሶው ቀጥ ካለ ብቻ ስለሆነ የማቅኛውን መስመር በእሱ ላይ አስምሪ፣ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አይሁን። የመንገዱ ጠርዝ ወደ ጥልቀት ስለሚሄድ ያሳስታል።

ድንክዬ ሌንስ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። እንደተባለው አቅንቼ ቆረጥኩት፣ በእውነት ሌላ ፎቶ ሆነ፤ ምሰሶውንም ታረቅኩት። ግን መቶ በመቶ አጉልቼ ሳየው አሻንጉሊቱ ደብዘዝ ብሏል፣ የሰውየው የፊት እግርም ተንቀሳቅሷል። በስልክ ስክሪን አይታወቅም ነበር። ሌንሱ ነው?

ባለሦስት እግር

ሌንሱን ተዪው። 28 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2.8፣ ፎከስ 4 ሜትር ላይ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ከ2.8 እስከ 7 ሜትር ገደማ ነው። አሻንጉሊቱ 9 ላይ ነው፣ ከክልሉ ውጪ። የቆረጥሽውን ፎቶ ደግሞ ወደ ቀድሞው መጠን አሳድገሽ ስታትሚ ድብዛዜውም አብሮ ያድጋል። ፍሬሙን በ1.5 እጥፍ አጥብቀሽ ቢሆን ኖሮ የጥራቱ ክልል 5.6 ሜትር ላይ ያልቅ ነበር። ለመቁረጥ አስበሽ የምታነሺ ከሆነ ቀዳዳውን ቢያንስ አንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ ወይም በእጥፍ የሚጨምር እርከን) ተጨማሪ ዝጊ።

እግሩን በተመለከተ፦ በ1/125 ሰውየው ራሱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ያም በፋይልሽ ላይ 11 ፒክስል ነው። ወደ ፊት የሚወረወር እግር ከወገብ በላይ ካለው ይፈጥናል፣ ስለዚህ እሱ ብሶበታል። በ1/500 የሰውነቱ እንቅስቃሴ ወደ 3 ፒክስል ይወርዳል።

ኤፍ 8፣ 1/500፣ ፎከሱን በእጅ 3.3 ሜትር ላይ ቆልፊው። ከ1.65 ሜትር ጀምሮ እስከ ማዶ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፣ ሰው ሲመጣ ፎከስ ፍለጋ የለም። በዚያው ብርሃን አይኤስኦው ከ100 ወደ 3200 ይወጣል፣ አምስት ስቶፕ ነው። ካስፈራሽ ኤፍ 5.6፣ ፎከስ 4.7 ሜትር፣ አይኤስኦ 1600፤ የቅርቡ ወሰን 2.35 ሜትር ይሆናል። የአይኤስኦ ፍርፋሪ በሮው ይለሰልሳል፤ የተንቀሳቀሰን እግር የሚመልስ ነገር የለም።

ሽርፍራፊ ብርሃን

ስለ መስታወቱ አንድ ነገር። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ይዘሽ ፊት ለፊት ከቆምሽ ነጸብራቁን አያነሳልሽም። መስታወቱን በጎን፣ ከፊት ለፊቱ 55 ዲግሪ ያህል ዞር ብለሽ ስታይው ነው የሚሠራው። ያውም አንድ ተኩል ወይም ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል፣ አይኤስኦሽ ደግሞ አሁኑኑ ጣሪያ ነክቷል። እኔ ብሆን እቤት ትቼው እወጣለሁ። አንዳንዴ ባለጋሪው ራሱ በመስታወቱ ላይ ከሱፉ ጎን ተንጸባርቆ ይታያል፤ ያኔ 3500 ፒክስል የሚባል ችግር የለም።

ጠርዝ ጠባቂ

ፎቶው ሲወጣ መግለጫውን አትርሺ። አሜሪካዊቷ ፎቶግራፈር ማርጋሬት በርክ-ዋይት እ.ኤ.አ. በ1937 ሉዊቪል በተባለች የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ያነሳችው ይታወቃል፦ ከላይ በመኪና የሚንሸራሸር ደስተኛ ነጭ ቤተሰብ የተሳለበት ግዙፍ ማስታወቂያ፣ ከሥሩ የተሰለፉ ጥቁር አሜሪካውያን። ማስታወቂያውና ሰልፉ ፍሬሙን ለሁለት ተካፍለውታል። ሰዎቹ ግን የተሰለፉት ከኦሃዮ ወንዝ ጎርፍ በኋላ እርዳታ ለመቀበል ነበር። ፎቶው ያለ መግለጫው ብዙ ቦታ ስለዞረ ተራ የሥራ አጦች ሰልፍ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። ጠንካራ ንጽጽር ያለው ፎቶ እንዲህ ነው፤ ዝም ካልሽው ተመልካቹ የራሱን ታሪክ ይሞላበታል።

አንቺ ያነሳሽው ሰው ሥራ ላይ ነው፣ እሱን ጻፊ፦ ካርቶን እያደረሰ ነው፣ የት፣ መቼ። «ድሃ» የሚለውን ቃል አንቺ አትለጥፊበት። ከጠርዙ የምትቆርጪውንም እዪው። ጋሪውን አብሮት የሚገፋ፣ ወይም ሲያወራው የሚስቅ ጓደኛ ቢኖርና ብታወጪው፣ ብቸኝነቱን የፈጠርሽው አንቺ ነሽ። መኪናው ግን ይውጣ፣ ለነገሩ ምንም አይጨምርም።

ጨለማ ክፍል

ከመለጠፍሽ በፊት አንድ ፈተና። የቆረጥሽውን 5250 ወደ 300 ፒክስል ስፋት አሳንሺው። ሰውየው 114፣ አሻንጉሊቱ 53 ፒክስል ቁመት ይኖራቸዋል። በዚያ መጠን ሱፍ የለበሰ መሆኑ ከታወቀ ለስልክ ይሆናል። ካልታወቀ ለኅትመት አቆዪው። ግድግዳውን በግማሽ ስቶፕ አጨልመሽ፣ ሱፉን በዚያው ልክ አብርተሽ ሞክሪ፣ ትንሽ ይረዳዋል።

ድንክዬ ሌንስ (ጠያቂ)

አሳነስኩት። ካበራሁት በኋላም ሱፉ ሱፍ አይመስልም፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ ነው። ይህችን ለኅትመት አስቀርቻታለሁ። ለስልኩ ተመልሼ ልሄድ ነው፦ 28፣ ኤፍ 5.6፣ ፎከስ 4.7፣ ሁለት ሜትር ወደ ግራ።