ሬዳር ጠጋኝ የነበረ ወታደር እንዴት ሳይንቲስት ሆነ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ሆም ኬር ነው የምሠራው። አሁን የምንከባከባቸው ሽማግሌ 100 ሊሞላቸው ነው፣ ጆሯቸው ደከም ከማለቱ በቀር ጭንቅላታቸው ከእኔ ይሻላል። ኦሃዮ ውስጥ የገበሬ ልጅ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ18 ዓመታቸው ባሕር ኃይል ገቡ፣ "አንድ ፈተና" አልፈው ሬዳር ጥገና ተማሩ፣ ሳይዋጉ ጦርነቱ አለቀ። ከዚያ ፊዚክስ ተምረው በመንግሥት የመለኪያ ላቦራቶሪ፣ መጀመሪያ ዲሲ በኋላ ጌይተርስበርግ፣ ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። እኔ ያልገባኝ መሃሉ ነው። የገበሬ ልጅ ገንዘብ ከየት አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ? ደግሞ ልጃቸው ታሪካቸውን ቅጂልኝ ብላኛለች። ምን ብዬ ልጠይቃቸው? የኔ አባትም ወታደር ነበር፣ አንድም ቀን ስለ ጦርነት አውርቶልን አያውቅም።

ራዲዮ ጠጋኙ
እህቴ፣ "አንድ ፈተና" ያሉሽ የኤዲ ፈተና መሆን አለበት። ባሕር ኃይሉ በየመርከቡ ሬዳር ጭኖ ጠጋኝ አጥሮት ስለነበር፣ ሒሳብና ፊዚክስ የሚገባቸውን ምልምሎች በዚያ ፈተና እየለቀመ ትምህርት ቤት ያስገባ ነበር። አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ ግን እንዳትንቂው። መጀመሪያ ሒሳቡን ያጠጧቸዋል፣ ቀጥሎ ቫኪዩም ቱቦና ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ)፣ ምስጢራዊዎቹን መሣሪያዎች የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። ሬዳር ማለት እኮ ጊዜ መለካት ነው፤ ሞገዱ ደርሶ እስኪመለስ 1 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ ዒላማው 150 ሜትር ላይ ነው። ይህን መለካት የሚችል የ20 ዓመት ልጅ ያኔ ለላቦራቶሪ ብርቅ ነበር።

የኮምፒውተር ማውስን የፈለሰፈው ዳግላስ ኤንግልባርትም የባሕር ኃይል ሬዳር ቴክኒሻን ነበር። መርከባቸው ከሳን ፍራንሲስኮ ገና ሲወጣ ጃፓን እጅ ሰጠች፣ እሱን ግን ፊሊፒንስ ወሰዱት። እዚያ ቀይ መስቀል ባዘጋጃት የንባብ ጎጆ ውስጥ ስለ ዕውቀት ማከማቻ ማሽን የሚያወራ ጽሑፍ አነበበ፣ ሐሳቡም ለዓመታት አልለቀቀውም። በ1948 (እ.ኤ.አ.) ኮሌጅ ጨረሰ፣ በ1955 በርክሌይ ዶክትሬቱን ያዘ፣ በ1968 ማውሱን ለሕዝብ አሳየ። ሮያሊቲ (የፈጠራ ባለቤት ክፍያ) ግን አላገኘበትም፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሰነድ አዋቂ
ገንዘቡ ከጂአይ ቢል ነው። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ሰኔ 1944 (እ.ኤ.አ.) ለጦር ተመላሾች የፈረመው ሕግ ነው። ቢያንስ 90 ቀን አገልግሎ በክብር የተሰናበተ ሰው፣ መንግሥት በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያ ይከፍልለት ነበር። ያኔ 500 ዶላር ሃርቫርድንም ይበቃል። ለኑሮ ደግሞ ላላገባ በወር 50 ዶላር፣ በኋላ 65። በ1947 ከኮሌጅ ተማሪው ግማሽ ያህሉ የጦር ተመላሽ ነበር፣ ማደሪያ ጠፍቶ በቆርቆሮ የጦር ሰፈር ቤት ያድሩ ነበር።

የሠሩበት የመለኪያ ላቦራቶሪ ዛሬ ኒስት (ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም) የሚባለው ነው። በ1949 የመጀመሪያውን የአቶሚክ ሰዓት የሠሩት እነሱ ናቸው። ጌይተርስበርግ ሳይሄዱ በፊት ግቢያቸው ዲሲ ቫን ኔስ ነበር፣ ማለትም አሁን የኛ ኤምባሲ ያለበት፣ ፓስፖርት ልናድስ የምንሰለፍበት አካባቢ። ይሄንን ንገሪያቸው፣ ይስቃሉ።

ጥቁሩ እውነት
ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ሽማግሌው ጥቁር ቢሆኑ ኖሮስ? ሕጉ ለሁሉም ተብሎ ተጻፈ፣ የሚያስፈጽሙት ግን የየአካባቢው ባለሥልጣናት ነበሩ። ይኸው ሕግ ለብድርም ዋስትና ይሰጥ ነበር፤ በ1947 ሚሲሲፒ ውስጥ በዚህ ዋስትና ከተሰጡት ከ3,200 በላይ ብድሮች ለጥቁር የደረሱት 2 ብቻ ናቸው። የኛዋ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ጥቁር ተማሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ያስገባው በ1951 ነው። ስለዚህ "ጎበዝ ስለሆነ ነው" ብቻ አትበሉ። ጎበዝም ናቸው፣ በሩም ተከፍቶላቸዋል።

ሰነድ አዋቂ
@ጥቁሩ እውነት ልክ ነህ፣ እኔ ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌውንም ጠይቂያቸው፣ በክፍላቸው ጥቁር ተማሪ ነበር ወይ ብለሽ። በዚህ ዕድሜ ሰው አይደብቅም።

እማማ ነርስ
የኔ ልጅ፣ ስለ ጦርነት ብለሽ አትጀምሪ። ስለ ምግቡ ጀምሪ፣ ስለ መኝታው፣ ማን አጠገባቸው ይተኛ እንደነበር። ሰው ከዚያ ራሱ ይገባበታል። ከዚያ ስለ መጀመሪያ ደመወዝ፣ በመጨረሻም ስለ ጡረታ፤ ላቦራቶሪ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሠራ የሚጠይቅ የለም፣ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ጥሩውን ወሬ ያገኘሁት እዚያ ነው። ጠዋት ላይ ቅጂ፣ ከሰዓት ይደክማቸዋል። መሥሪያ ቤትሽንም አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ሳያውቁ መቅረጽ ከሥራ ያስባርራል።

ደግሞ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጦር ተመላሾችን ታሪክ ይሰበስባል። ቢያንስ 30 ደቂቃ መሆን አለበት፣ ምንም ያልተቆረጠ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
እግዜር ይስጥልኝ! ኤምባሲው እዚያ ግቢ መሆኑን በፍጹም አላውቅም ነበር። ልጃቸውን አሁን ደወልኩላት፣ ቅዳሜ እሷ ባለችበት እንቀዳለን። ለቤተ መጻሕፍቱ ስንልክ ፈቃዱን ማን ነው የሚፈርመው፣ እሷ ወይስ እሳቸው?

እማማ ነርስ
እሳቸው። ቅጹ ድረ ገጻቸው ላይ አለ፣ በትልቅ ፊደል አትመሽ ውሰጂላቸው።