ፖስትግሬስ ወደ አዲስ ዲስክ ከተዛወረ በኋላ አልነሳ አለ፤ የፋይል ፈቃድ ችግር

የዳሞቷ (ፍኖተ ሰላም)፦
ሰላም ወገኖች። የምሠራው የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ነው። የአባላት መዝገብ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ክፍፍል፣ የበቆሎ ርክክብ ሁሉ ያለው ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ነው። ዲስኩ ስለሞላ አንድ ባለሙያ ዳታውን ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጠልን። አልነሳ ሲለው ፎልደሩን በሙሉ 777 የሚባለውን ፈቃድ ሰጥቶት ሄደ። አሁንም አይነሳም። ሎጉ የሚለው የዳታ ፎልደሩ ፈቃድ ልክ አይደለም፣ 0700 ወይም 0750 መሆን አለበት ነው። ሰኔ ነው፣ ገበሬው ማዳበሪያ ሊወስድ ተሰልፏል። እባካችሁ ድረሱልኝ።

የማርቆስ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦
አይዞሽ እህቴ። ይሄ መልእክት ዳታው ተበላሸ ማለት አይደለም። ፖስትግሬስ ሆን ብሎ ነው እምቢ ያለው። 777 ማለት ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ይሰርዝ ማለት ነው። የጎተራን በር ነቅሎ እንደመሄድ ነው። 0700 ከሆነ የሚገባው ባለቤቱ ብቻ ነው። 0750 ደግሞ ግሩፑም እንዲያነብ ይፈቅዳል፤ ከቨርዥን 11 ጀምሮ የመጣ ነው፣ ለባክአፕ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ሰርቪሱን አቁሚ። ከዚያ በቾውን ትዕዛዝ ባለቤትነቱን ለፖስትግሬስ ተጠቃሚ መልሺ። ቀጥለሽ ፈቃድ በሚቀይረው በቸሞድ ትዕዛዝ ፎልደሮቹን 700፣ ፋይሎቹን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) አድርጊ። ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሆኜ ላስነሳው እንዳትይ፤ በሩት አይነሳም።

የዳሞቷ፦
እንዳልከኝ አደረግሁ። ትዕዛዙ ምንም ስህተት አላለኝም። ግን ሳየው አሁንም 777 ነው፣ ባለቤቱም ሩት ነው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
እሺ ብሎ ካልተለወጠ ዲስኩ ራሱ በዊንዶውስ ፎርማት፣ ማለትም በኤንቲኤፍኤስ የተሠራ ይመስለኛል። ዲኤፍ የሚለውን ትዕዛዝ ጽፈሽ ከሰረዝ ጋር ትልቁን ቲ ጨምሪና (df -T) የፎርማቱን ዓይነት እይ።

የዳሞቷ፦
ፊውዝብሎክ ይላል።

ጣና ዳር፦
በቃ እሱ ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ በዚህ ስም ነው የሚታየው። እንዲህ በተገናኘ ዲስክ ላይ ቸሞድም ቾውንም ዝም ብለው ያልፋሉ እንጂ የሚቀይሩት ነገር የለም። አሮጌው ዲስክ ሳይነካ አለ? ካለ ሥራው ቀላል ነው። አዲሱ ላይ ሌላ የሚፈለግ ፋይል አለመኖሩን አረጋግጪና የሊኑክስ በሆነው በኤክስት4 ፎርማት አድርጊው። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ዲስኮች የተዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ያለውን መስመርም ቀይሪ። ከዚያ ሰርቪሱ እንደቆመ ከአሮጌው ዲስክ በሲፒ ሰረዝ ኤ (cp -a) ትዕዛዝ ገልብጪ። ባለቤትነቱና ፈቃዱ አብሮ ይመጣል። እስኪነሳና መዝገቡን አይተሽ እስክታረጋግጪ ድረስ ከአሮጌው ምንም እንዳትሰርዢ፣ አደራ!

ሞጣ (ምሥራቅ ጎጃም)፦
እኔ የምጠቀመው ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ ነው። እንዲህ ሲያስቸግረኝ አላየሁም። ፖስትግሬስ ለምን ይሄን ያህል ያከራል?

የማርቆስ ልጅ፦
የአንተም ቢሆን ዝም አይልም። የኮንፊግ ፋይሉን ሁሉም ሰው ሊጽፍበት ከቻለ ሳያነበው ያልፋል። ምክንያት አለው። በፈረንጆቹ 2016 ይፋ በሆነው የማይኤስኪውኤል የደኅንነት ቀዳዳ፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ መጻፍ የቻለ አጥቂ እስከ ሩት ሥልጣን ድረስ መድረስ ይችል ነበር። አፕዴት አድርገህ ፈቃዶቹንም ፈትሽ።

የዳሞቷ፦
ተነሳ! አሮጌው ዲስክ ነበረ፣ መዝገቡም ሙሉ ነው። እግዜር ይስጣችሁ። ማታ ማታ የሚወጣው ባክአፕስ? ሳየው ፈቃዱ 644 ነው።

ጣና ዳር፦
እንኳን ጠየቅሽ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። 644 ከሆነ ፎልደሩ ጋ የደረሰ ሁሉ የአባላቱን ስምና ዕዳ ያነባል። ባክአፕ የሚያደርገው ስክሪፕት አናት ላይ ኡማስክ 077 ጻፊ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣው ፋይል ሁሉ 600 ይሆናል። የቆዩትን ራስሽ በቸሞድ 600 አድርጊ። የይለፍ ቃሉን ፒጂፓስ በሚባለው የይለፍ ቃል ፋይል ውስጥ ካስቀመጥሽ እሱም 600 ይሁን፤ ከዚያ ከላላ ፖስትግሬስ ፋይሉን አይቀበለውም። ያ ባለ 777 ዲስክ በቢሮ ኔትወርክ ሼር ተደርጎ ከነበረ ደግሞ የዳታቤዝ ተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይሪ።