ባለቤቴ እርጉዝ ናት፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጥ የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) ለማግኘት 5 ዓመት ጠብቁ ተባልን

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ወገኖች፣ በዲቪ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው። እኔ ፓርኪንግ ነው የምሰራው ስራው ኢንሹራንስ የለውም፣ ባለቤቴ አራተኛ ወሯን ይዛለች እስካሁን ሐኪም አላያትም። ያረፍንባቸው ዘመዶቻችን ግሪን ካርድ ያለው ሰው 5 ዓመት ሳይሞላው ሜዲኬይድ አያገኝም፣ ብታገኙም ወደፊት ሲትዝንሺፕ ላይ ይይዛችኋል አሉን። እሷም ፈርታ እስክወልድ ልታገስ እያለች ነው፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የምታውቁ ንገሩኝ በፈጠራችሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ማርያም በሽልም ታውጣት። የ5 ዓመቱ ነገር እውነት ነው፣ ከ1996 ጀምሮ ያለ ህግ ነው፣ ግን በ2009 ኮንግረስ ህጋዊ ወረቀት ላላቸው ልጆችና እርጉዞች ስቴቶች ከፈለጉ እንዲያነሱት ፈቅዶ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አንስተውታል። እባክህ ዛሬውኑ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን (የስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ ማመልከቻ) ላይ አመልክቱ፣ ሜዲኬይድ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚ በሉ በነፃ ያገናኟችኋል። ልታገስ የምትለውን ግን እሺ አትበላት! ደም ግፊቱ ስኳሩ ደም ማነሱ የሚታወቀው አሁን በክትትል ነው፣ ምጥ ሲመጣ ሆስፒታል መሮጥ ይሄን አይተካም። ከወለደች በኋላም 12 ወር ይሸፍናታል፣ ህፃኑም እናቱ ሜዲኬይድ ላይ እያለች ከተወለደ ያለ ሌላ ማመልከቻ እስከ አንድ ዓመቱ ይሸፈናል።

አሌክሳንድሪያ፦
ሲትዝንሺፑን አትፍሩ። ፐብሊክ ቻርጅ የሚሉት፣ ማለትም ሰውየው የመንግስት እርዳታ ጥገኛ ይሆናል ወይ የሚለው፣ ግሪን ካርድ ሲጠየቅ የሚታይ ነገር ነው፣ ሲትዝንሺፕ ላይ አይታይም፣ እናንተ ደግሞ ካርዱን ይዛችሁ ነው የገባችሁት። ገና ግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው ግን በወሬ አይወስን፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር፣ መመሪያው መንግስት በተቀየረ ቁጥር ይነካካል።

ሊያ፦
ወረቀት የሌላት እህት ይሄን ካነበበች ደግሞ፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ እርጉዝን ወረቀት ሳይሉ ይሸፍናሉ፣ ገቢዋ ከተፈቀደው ካላለፈ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ላሉ ወረቀት ለሌላቸው ልጆች ኬር ፎር ኪድስ የሚባል የህክምና ፕሮግራም አለ።

አዲስ ገቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሷም አነበብኩላት። ምን ይዘን እንቅረብ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ግሪን ካርዷን፣ ያንተን የቅርብ የደሞዝ ወረቀት፣ የምትኖሩበትን አድራሻ የሚያሳይ ነገር። ቤተሰብ ብዛት ሲጠይቋችሁ ሁለት እንዳትሉ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል ስለዚህ ሦስት ናችሁ፣ የገቢው ጣሪያም በዛው ልክ ከፍ ይላል።