የ1968ቷ ላንድሮቨር ፒክአፕ ሻንሲ ከሥር እንዳይዝግ ምን ይቀባ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በ1968 ዓ.ም. የገዟትን ረጅሟን ላንድሮቨር ፒክአፕ፣ ባለ 109 ኢንቿን ሦስተኛ ሲሪስ፣ በግቢያችን ውስጥ ፈታትቼ በማደስ ላይ ነኝ። ለሞተሩና ለካምቢዮው የሚያውቅ ሰው አላጣሁም፤ ያሳሰበኝ ሆዷ፣ መላ አካሏን የሚሸከመው የብረት አጽም (ሻንሲው) ነው። አባቴ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ እየወረዱ ጨው ይጭኑና በጣርማበር በኩል ወደ መንዝ ይወጡባት ስለነበር፣ ካሶኒውን (የጭነት ሳጥኑን) ካነሣን በኋላ የኋለኛው አግድም ብረት በጣት ሲነካ እንደ ቅርፊት ሲረግፍ አየሁ።

አንድ ባለጋራዥ «በሽቦ ብሩሽ እንጠርገውና ሬንጅ እንቀባዋለን፤ በሁለት ቀን ትረከባለህ» ብሎኛል። ነገሩ በጣም ስለቀለለ ተጠራጠርኩ። ሬንጁ በእርግጥ ዝገትን ያቆማል? ካላቆመስ ከሥሩ ምን መቅደም አለበት? ሻንሲው እንደ ሳጥን ዙሪያውን የተዘጋ በመሆኑ፣ ውስጡን እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል የሞከረ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፣ ጡረተኛው ባትላሜራ

ወንድሜ፣ በመጠራጠርህ ደግ አድርገሃል። ሬንጅ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ በጤነኛ ብረት ላይ፣ ሥሩ በሚገባ ከተቀባ በኋላ፣ ከጎማ የሚወረወረውን ጠጠር እንዲመክት ከላይ ቢለበስ ያገለግላል። በዛገ ብረት ላይ ሲቀባ ግን ከቅርፊቱ ሥር የተደበቀውን እርጥበትና ጨው አፍኖ ያስቀምጠዋል። ዓመታት ሲያልፉ ሬንጁ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ውኃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። ላዩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ እያየኸው ውስጡ ይበላል። ሬንጁን ስፍቅ ብረቱ አብሮ የተነሣብኝን መኪና ብዛት አልቆጥረውም።

ያንተዋ ደግሞ የጨው መኪና ናት። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ፣ ዝናብ ባይነካት እንኳ ጭጋግ ይበቃታል፤ የጣርማበርን ጭጋግ ደግሞ ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ከብሩሽም ከቀለምም በፊት መታጠብ አለባት። ላቫጆ ወስዶ ከውጭ ማስረጨትን ማለቴ አይደለም። የሻንሲው ቀዳዳዎች ሁሉ በሽቦ ተቆርቁረው ይከፈቱ፤ አብዛኞቹ ለውኃ መውረጃ የተተዉ ሲሆኑ ዛሬ በጭቃ ተደፍነው ታገኛቸዋለህ። ከዚያ የውኃውን ቱቦ አፍ ወደ ውስጥ እያስገባህ፣ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመህ እጠበው፤ ለጥቂት ቀናትም ፀሐይ ይምታው።

ሲደርቅ መዶሻ ያዝ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። የሻንሲው ላሜራ አዲስ ሳለም ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙ ስለማይርቅ፣ የታፈነውን ቦታ በቀለም ለማዳን አትሞክር፤ ቆርጠህ በአዲስ ላሜራ አስበይደው። ቀደም ሲል በስቱኮ (በመሙያ ልጥፍ) ተሞልቶ የተቀባ ቦታ ካለ ማግኔት ያጋልጠዋል። አዲሱ ላሜራ ዚንክ የተነከረ ከሆነ፣ በሚበየድበት ጠርዝ ላይ ዚንኩን በግራይንደር አንሡትና ክፍት ቦታ ላይ በይዱ፤ የዚንክ ጭስ አሞ ያስተኛል፣ ወተት መጠጣቱም የምንወደው ልማድ ይሁን እንጂ ከጭሱ አያድንም።

የቀረውን በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ጥረገው። ብሩሽ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ቢገባ፣ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ ትርፉ ግን በዕቃው ላይ በተጻፈው መሠረት ታጥቦ መነሣት አለበት። አንዳንዶች የባትሪ አሲድ ይጠቀማሉ፤ ዝገቱን ያነሣል፣ የራሱን ጨው ግን በብረቱ ላይ ትቶለት ይሄዳል፤ ያጠብነውን መልሶ እንደማምጣት ነው።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ቆርቆሮ የሚቀላቀለውን ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚቀባውን) ሁለት ጊዜ ቀባው፤ በላዩ የማጠናቀቂያ ቀለም፣ ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው የጭቃ መከላከያ) ሥርና ጎማው በሚተፋበት ቦታ ብቻ ደግሞ ሬንጁን። ቀዩ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ርካሽ ነው፤ ብቻውን ሲተው ግን ውኃ ያሳልፋል። ዚንክ የበዛበት ፕራይመር ካገኘህ በባዶ ብረት ላይ ብቻ ነው የሚቀባው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን እያስበላ የሚጠብቀው ሁለቱ ሲነካኩ ነውና በዝገት ወይም በሌላ ቀለም ላይ ቢቀባ ገንዘብ ማባከን ነው።

መልስ 2፣ የመንዝ መንገድ ሹፌር

የባለሙያውን ቃል አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሌላ መኪና ሊገዛ ምንም አይቀረው። እኛ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅለን ከሥር እንረጫለን። መኪናዬ በዚህ ዘዴ እስከ ዛሬ ቆማ ትሄዳለች። ጭቃው ከዘይቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ሽፋን ይሆናል።

መልስ 3፣ ቀለም ቀቢ ከሸዋ ሮቢት

ጋሼ፣ ዘይት ውኃን ከብረት እንደሚያርቅ አልክድም፤ የእርስዎ መኪና መቆየቷም በየዓመቱ ሳይሰለቹ ስለሚረጩላት ይመስለኛል። ሆኖም የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የወጣ አሲድና ጥላሸት ይዞ ይመጣል፣ የፍሬን ቱቦና የባሌስትራ ጎማዎችን ያሳብጣል፣ አፈሩንም ይበክላል። ለጠያቂያችን ደግሞ የከፋው፣ ዘይት የጠጣ ብረት በአኳራጅ ቢታጠብም ቀለም ለመያዝ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ቀለም ለመቀባት የወሰነ ሰው አስቀድሞ ዘይት አይርጭ።

ለጠያቂው የምጨምረው ስለ ብርዱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ኤፖክሲ የሚደርቀው ቲነሩ በመትነኑ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ተዋሕደው ሲጠነክሩ ነው፣ ለዚህም ሙቀት ይሻል። የተለመደው ዓይነት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መጠንከሩን ሊያቆም ምንም አይቀረው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከሰዓት በኋላ የቀቡት ቀለም ሌሊቱን ጤዛ ሲያርፍበት ላዩ ይደበዝዛል፣ ይጣበቃል፣ በወሩም በጥፍር ይነሣል። ብረቱ ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት የሚለው የቀለም ቀቢዎች ደንብ ያለ ምክንያት አልተደነገገም። ጠዋት ሻንሲውን በእጅዎ ይዳስሱት፤ እርጥበት ከተሰማዎ ፀሐይ እስክትጠነክር ይጠብቁ፣ ከረፋዱ ጀምረው እስከ እኩለ ቀን ይጨርሱ፣ ሌሊቱን በቤት ውስጥ ያሳድሩት። ቤት ከሌለ ሻንሲው ብቻውን በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ቆላ ቢወርድ አይፍረዱብኝ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት 1,500 ሜትር ያህል ስለሚወረድ ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ይህን ያልኩት ሥራ ለመሳብ አይደለም።

ለሻንሲው ውስጥ ደግሞ የሚሻለው ሰም ነው፤ ለተዘጋ ብረት ተብሎ የሚሠራ፣ ዙሪያውን በሚረጭ ቀጭን ቱቦ የሚገባ። ስንጥቅና መገጣጠሚያ ውስጥ ራሱ እየሰረገ ይደርሳል። ካልተገኘ የተልባ ዘይት በአገራችን ሞልቷል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደ ቀለም ይጠነክራል፣ አየር በማያገኝበት ዘጋ ያለ ቦታ ግን ብዙ ሳምንት ይፈጅበታል። በዘይቱ የተነከረውን ጨርቅ ጨምድደው አይጣሉት፤ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ራሱን በራሱ ያቃጥላል፣ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይክተቱት።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የላንድሮቨር ቦዲ አብዛኛው አልሙኒየም ነው፤ ከሻንሲው ብረት ጋር እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል። ካሶኒው ከመመለሱ በፊት ሁለቱም ወገን ይቀባ፤ በየማረፊያው ስስ ጎማ ይግባ፤ ብሎኖቹም በግራሶ ይታሰሩ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለጋራዡን ቀጠሮውን አስቀርቼዋለሁ። በመዶሻው ምርመራ የኋለኛው አግድም ብረት ሙሉ በሙሉ እንደሚለወጥ ታውቋል፤ የፊቱ ግማሽ ግን ይጮኻል። ትናንት በግራው የሻንሲ ክንድ ውስጥ ቱቦ ሰድደን ስናጥብ ሁለት ጣሳ ጭቃ ወጣ፣ ውኃውም በሦስተኛው ዙር ጠራ። ጠርቷል ብዬ ላቆም ስል ጋሼ ባትላሜራ ስለ ጨው ያሉት ትዝ ቢለኝ ጠብታውን በምላሴ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። ነገ አራተኛውን ዙር እንጀምራለን።