ጣሊያን መንገድ ሠራ ይባላል፤ ገበያውንስ ምን አደረገው?

የአዳማው: እንደምን ናችሁ። ሰሞኑን ስለ ጣሊያን ወረራ ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ «መንገዱን ትቶልን ሄዷል፣ በኢኮኖሚ ተጠቅመናል» ብሎ ድርቅ አለ። መንገዱን እኔም አየዋለሁ። ግን በእነዚያ አምስት ዓመታት ገበሬውና ነጋዴው በምን ኖሩ? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የደሴ ልጅ: ወንድሜ፣ ከመንገዱ በፊት ገንዘቡን ጠይቅ። አያቴ ወሎ ውስጥ እህል ይነግዱ ስለነበር ይህን ነገር በልጅነቴ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደገባ ጠገራ ብሩን፣ ማለት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበትን የብር ሳንቲም፣ አስቀርቶ በራሱ ገንዘብ በሊሬ ተገበያዩ አለ። ገበሬው ግን በጠገራው ነው የሚያምን። ብር ቢቀብሩት አይበሰብስም፤ ሊሬው አርበኛው ያሸነፈ ቀን ዋጋ የለውም። ስለዚህ እህሉን ጎተራ ውስጥ ያዘው፣ ከተማው ተራበ። ጣሊያን ራሱ እንኳ የማርያ ትሬዛን ሳንቲም መምቻ ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም ውስጥ ጠገራ ያስመታ ነበር፤ ያለ ብር አገሩ ውስጥ መንቀሳቀስ እንደማይችል ያውቃላ!

ራሷን ትቀልብ የነበረች አገር ላይ ተቀምጦ ስንዴና ዱቄት ከኢጣሊያ በመርከብ ያስመጣ ነበር። ለስዊዝ ቦይ ቀረጥ እየከፈለ። በሆለታና በቢሾፍቱ መሬት ይዞ የራሱን ሰዎች አሰፈረ፤ ሊያመጣ ካቀደው ሕዝብ የመጣው ግን ኢምንት ነው። የኢትዮጵያ ባንክን ዘጋ፣ በቦታው የራሱን ባንኮች ከፈተ። ከውጭ ዕቃ በማስገባት የታወቀውን የሕንዶቹን የመሐመድ አሊን ድርጅት በ1929 ዓ.ም. አባረረ። ለዓመታት የተዘረጋ የንግድ መረብ በአንድ ትእዛዝ ሲበጠስ የሚጎዳው ሱቁ ብቻ አይደለም፤ በዱቤ ዕቃ ወስዶ ገጠር የሚያዞረው ትንሹ ነጋዴም አብሮ ይወድቃል። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

ሾፌሩ: እኔ በአሰብ መስመርም በጣርማ በርም ነድቻለሁ። የጣርማ በርን ዋሻ በጭጋግ ያለፈ ሰው ሥራውን አይንቅም፣ እኔም አልንቅም። ግን መስመሩን ካርታ ላይ እዩት። ከአስመራ በደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ጎንደር፣ ለቀምት፤ ጦርና ስንቅ የሚሄድበት ነው። የአሰቡም የተቀደደው ለጅቡቲ ባቡር ለፈረንሳይ መክፈል እንዲቀርለት ነው። ደግሞ ገንዘቡ ከሮም ነበር የሚመጣው። ጦሩ ሲወጣ የሚጠግነው አልነበረም፤ በኋላ መንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ ተበድሮ ነው መንገዱን ያዳነው። ያንን ዕዳ የከፈልነው እኛ ነን።

የአዳማው: ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግሊዝስ? ነጻ ካወጣን በኋላ ገንዘባችን ወዲያው ተመለሰ?

የደሴ ልጅ: አልተመለሰም። እንግሊዝ ከጣሊያን የቀረውን የፋብሪካ መሣሪያና መኪና እየነቀለ ወደ ቅኝ ግዛቶቹ አጓጓዘ። ገበያው ላይ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። የራሳችን ገንዘብ የወጣው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። ያኔ መንግሥት የሕዝቡን ልብ ያውቅ ስለነበር ባለ 50 ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር አስመታ፤ የብሩንም ማዕድን አሜሪካ አበደረች። የወረቀት ገንዘቡም ተቀባይነት ያገኘው ይህ ሳንቲም አብሮት ስለወጣ ይመስለኛል።

የወረራውን ካሳ በተመለከተ፣ በ1939 ዓ.ም. የፓሪሱ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። በ1948 ዓ.ም. የተስማሙበት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ያ ገንዘብ ቆቃ ግድብ ላይ ዋለ። አንተ አዳማ ስለሆንክ ቅርብህ ነው፤ ጓደኛህ ቆቃንም የጣሊያን ስጦታ ነው ካለህ፣ የካሳ ክፍያ ነው በለው።